የተከራየ ትከሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም። ይርጋ፣ ዝም ብለህ ስማኝ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ይህ ሀብታም አንድ ቀን በገበያ መሃል አንድ ሸማኔ በጥፊ መታ። ምን አደረገው? ጋቢውን በቀጠሮው አላደረሰለትም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። መታውና «አንተን ከነመወርወሪያህ ብሸጥህ የበቅሎዬን ኮርቻ ዋጋ አታወጣም!» አለው። ገበያተኛውም ሳቀ። አይ ሰው!

ሸማኔው ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት ተወ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሳያየው ገብቶ ሰው ሳያየው ይወጣ ጀመር። የሠራውን ሸማ የምትሸጠው ሚስቱ ሆነች። ምን አጥፍቶ ነው የሚሸማቀቀው? እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሀብታሙ ልጁን ሊድር ሲነሣ የአገሩ ሽማግሌዎች «ከሸማኔው ሳትታረቅ ሠርግህን አንመርቅም» አሉት። እሱም «ይህማ ቀላል ነው» ብሎ አንድ በሬና አንድ ከረጢት ብር ላከ።

ሸማኔው በሬውን ዙሪያውን አየው። ጎተራው ባዶ ነበር። አላማረውም ብልህ እዋሻለሁ፤ እጅግ አማረው። ግን «መልሱት» አለ። «የመታኝ በሬው አይደለም፤ ባለበሬው ነው። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ።»

ሚስቱ አንጀቷ አረረ። «ኩራት እራት ነው አሉ፤ እስቲ ዛሬ ማታ ኩራትህን አቅርብና እንብላው!» አለችው። እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም።

እንግዲህ ሀብታሙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጠረና ድንጋዩን አሸክሞ ላከው! እሱ ዣንጥላውን ዘርግቶ በበቅሎ ከኋላ ይከተላል፤ ሽማግሌዎቹም አብረው።

ሠራተኛው ከሸማኔው ደጅ ደርሶ ተንበረከከ። አንገቱ ተልጧል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አለ፣ እንደተነገረው።

ሸማኔው ድንጋዩን ከአንገቱ አውርዶ መሬት አኖረው። ላቡን በገዛ ነጠላው ጠረገለት፤ ውሃም አጠጣው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አለው።

«እሰይ! በሉ መርቁ!» አለ ሀብታሙ ከበቅሎው ላይ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ መቼ ተሸከሙና?» አለ ሸማኔው። «እኔ የታረቅሁት ከዚህ ሰው ጋር ነው።»

«ከፍዬዋለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ ሀብታሙ። ሽማግሌዎቹን አያቸው፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። ሠርጉ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ቢጨንቀው ከበቅሎው ወረደና ድንጋዩን ታገለው። ሁለቴ አመለጠው፤ በሦስተኛው አንገቱ ላይ ሆነ። ሊንበረከክ ሲል ግን ሸማኔው ከለከለው።

«እዚህ አይደለም። የተመታሁት ገበያ መሃል ነው» አለው።

ሄዱ። ሀብታሙ እያቃሰተ ከፊት፣ ሸማኔው ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሱን ቀና አድርጎ ከኋላ። እህል ሻጩም ጨው ሻጩም እያየ ሀብታሙ ተንበረከከና «በድዬሃለሁ» አለ። ሸማኔው ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደለት፤ ተቃቅፈውም ሁለቱም አለቀሱ። በሬው ሲቀርብለት ዳግመኛ መለሰው። ሚስቱስ? ከጎኑ ቆማ ነበር።

አየህ ይርጋ፣ አንተም ታላቅ ወንድምህን በእንግዳ ፊት አዋርደህ «ስንት ብልክለት ይበቃዋል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሸማኔው ወንድምህ ነው። የምትልከው ብር ደግሞ ያ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ ቢሄድም የሚታረቀው ለራሱ ነው። ሰውን ብር አያዋርደውም፣ ብርም አያነሣውም፤ ያዋረድኸው አንተ ነህ፣ የምታነሣውም አንተው ነህ። በል እንግዲህ፣ ምን ያስቀምጥሃል? ብርህን ኪስህ ክተትና ሳይመሽ ተነሥተህ ሂድ፤ ያኔ የነበሩትንም እንግዶች ጠርተህ ሂድ።