ማር የሌላት ንብ

ተረት ተረት ልበል፤ እናንተ የላም በረቱን ክፈቱልኝ።

ብቻውን የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበር አሉ። ከጓሮ ዱባው በቀር የሚበላው አልነበረውም። በቤቱ የጭቃ ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ እንደሱ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ጥቁር ንብ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ በዱባው አበባ ላይ ስትዞር አርፍዳ ትገባለች።

ሽማግሌው «ይህች ነቀዝ ቤቴን ቦርቡራ ልትጥለው ነው» አለና፣ እሷ በሌለችበት ግድግዳውን በጭቃ ለሰነው።

ንቢቱ ስትመለስ ቀዳዳዋን አጣችው። በመንደሩ ካሉት ቀፎዎች ወደ አንዱ ሄዳ፣ «እህቶቼ፣ አስጠጉኝ» አለች።

የቀፎው በረኛ ኩሩ ነበረች። «ማርሽን ይዘሻል?» አለቻት።

«እኔ ማር አልሠራም።»

«ታዲያ ምንሽ ንብ ነው?»

ንቢቱ አገር ለቃ ሄደች።

የቀፎዎቹ ንቦች ሁሉ ኑግ ማሳ ላይ ነበሩና ዱባውን ዞር ብሎ ያየው የለም። አበባው ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይከደናል፣ በማግስቱ ይረግፋል። ፍሬ አልያዘም።

ሽማግሌው ጨንቆት ዱባውን ጠየቀው። «ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ በረሃብ ልትገድለኝ ነው?»

ዱባው ታጋሽ ነበር። «አባባ፣ የወንዱን አበባ ብናኝ ለሴቷ የምታደርስልኝን እየጠበቅሁ ነው። ያቺን ከግድግዳዎ የምትወጣውን» አለ።

ሽማግሌው ቤቱ ገባ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፉ ዳበሰው። አንድም ቀዳዳ አልነበረውም፤ ጆሮውን ቢያስጠጋም ጭጭ ነው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።