እሳት ያየ ቂጣ

አንድ ሰው ነበረ። ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ ኢየሩሳሌም የገባ ቤተ እስራኤል ገበሬ ነው። የቦካ ነገር ከሰባት ተራራ ማዶ ይሸተው ነበር። የቦካ በማይበላበት በፋሲካ ሰሞን ደመና እንኳ አብጦ ካየ «ይኼ ቦክቷል» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ለበዓሉ ቂጣ ልትጋግር ውሃ ዱቄቱን ሲነካው ትንፋሹን ይይዛል፤ ቂጣው በስሎ እስኪወጣ አይለቀውም። አንድ ዓመት እሳቱ አልነድ ብሎ፣ ሰውዬው እንደ በርበሬ ቀልቶ በስንት ውሃ ነው የተመለሰው።

ከግድግዳው ማዶ አንዲት አሮጊት ትኖር ነበር። እሷም አይሁዳዊት ናት፤ ውርጭ ካለበት አገር መጥታ፣ ዘመድ አልቆባት ብቻዋን የቀረች። በበዓሉ ዋዜማ ድስት ይዛ መጣች። በዶሮ መረቅ ውስጥ እንቁላል የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች ይንሳፈፋሉ።

«ከቂጣ የሠራሁት ነው። አብረን እንብላ ብዬ» አለች።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። አብጠዋል።

«እሜቴ፣ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። ይኼ እኮ ትራስ ነው። ቦክቷል።»

አሮጊቷም ድስቷን ከድና ሄደች።

ሚስቱ ይኼን ሁሉ ትሰማ ነበር። «አንተ ሰው፣ የቦካስ አፍህ ነው። ሴትዮዋ በዓሉን ከግድግዳ ጋር ልትበላ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ሲሠራ በዓይኔ ልየው» ብሎ አሮጊቷን ተከትሎ ቤቷ ገባ።

አሮጊቷ እንደ ቆርቆሮ የደረቀ ቂጣ አወጣች። በሙቀጫ ወቀጠችው፤ በእንቁላልና በዶሮ ስብ ለወሰችው። ሰውዬው እንደ ልማዱ ትንፋሹን ያዘ። እያድቦለቦለች ከሚፈላው መረቅ ጣለችው፤ ማበጥ ጀመረ። ሰውዬውም አብሮ አበጠ።

«ኧረ ተንፍስ» አለችው። «በምን ይቦካል? ያሳበጠው እንቁላሉ ነው። እሳት ያየ ቂጣ ብትሰብረው፣ ብትወቅጠው፣ ብትቀቅለው ያው ቂጣ ነው። እናቴ ሊጥ ስትለውስ ደግሞ ካንተ ትብስ ነበር፤ እኛን ልጆቿን በተርታ አቁማ ትንፋሽ ታስይዘን ነበር።»

ሰውዬው ይኼን ሲሰማ ተነፈሰ። በትንፋሹ የመስኮቱ መጋረጃ ተገንጥሎ ሄደ ነው የሚሉት።

ከዚያ ቤቱ ተመለሰና ሚስቱ የጋገረችውን ትኩስ ቂጣ አንሥቶ መጣ። በገዛ እጁ ቆራርሶ ሙቀጫዋ ውስጥ ጨመረው። «ከኛም ይግባበት» አለ። ያን በዓል ሦስቱ ባንድ ማዕድ በሉ። ሰውዬው አሥራ ሰባት ድቡልቡል ውጦ፣ አሥራ ስምንተኛውን ሚስቱ ከእጁ ነጠቀችው።

አንቺ ሙሽሪት፣ «የአማቴ የፋሲካ ምግብ የእናቴን አይመስልም፤ በእውነት አንድ ሕዝብ ነን ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሕዝባችንም እንደዚያ ቂጣ ነው። እሳቱን ጥንት፣ ሕጉን በተራራው ሲቀበል አይቷል። ከዚያ ወዲያ ሰባብረው በየአገሩ በተኑት፤ በየደረሰበት ውሃ ተቀቀለ። አንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቆየ፣ አንዱ ድቡልቡል ሆኖ መጣ፤ አልቦካም ግን። እንግዲህ አማትሽ ድስቷን ስትከፍት አስቀድመሽ ተንፍሺ፤ ከዚያ ሳህንሽን አቅርቢ።