ቆሻሻ የጎደለበት ኩሬ

አንድ ጊዜ፣ ዱሩ ሁሉ ከአንድ ወንዝ ይጠጣ በነበረበት ዘመን፣ እንስሳት ተሰብስበው አንድ ውል ተዋዋሉ። ያ ውል ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ አፌን እይዛለሁ። እናንተም ስትሰሙት ትይዛላችሁ።

ወንዙ የሚመነጨው ከአንበሳ ኮረብታ ሥር ነው። ከዚያ የእንስሳቱን ሰፈር ሰንጥቆ ያልፋል። ሰፈርተኛው ይታጠብበታል፣ ይንከባለልበታል፣ ይጸዳዳበታል፣ የበላውን ትራፊ ይጥልበታል። ከሰፈሩ ግርጌ፣ ሜዳው ላይ፣ አንዲት አህያ ቡሌ ከሚባል ውርንጭላዋ ጋር ትኖራለች። ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። አንበሳ ከምንጩ ንጹሑን ይጠጣል፤ ለእሷና ለልጇ የሚደርሳቸው እጣቢው ነው።

ቡሌ ሆዱን ታመመ። አህያዋ አንበሳ ደጅ ሄዳ አቤት አለች።

«ጌታዬ፣ ውሃው ልጄን ሊገድልብኝ ነው! ወይ ውሃው ይጣራልኝ፣ ወይ ሰፈሩ ይነሳልኝ!»

አንበሳ ጉባኤ ጠራ። «ከሰፈሩ በታች ማጣሪያ ኩሬ ይቆፈር» አለ። «መሬቱን እኔ እሰጣለሁ። ቆፋሪ ግን የለኝም።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ብድግ አለች። ቀበሮ ጉባኤ መሀል ብድግ ስትል ልብ ማለት ነበር፤ ማን ልብ ይበል!

«ጌታዬ፣ ይህማ በሽርክና የሚያልቅ ነገር ነው» አለች። «መሬቱ ከእርስዎ፣ ጉልበቱ ከአያ ጅቦ። እሱ ኩሬውን ይቆፍራል፣ አሸዋና ደንገል ያነጥፍበታል፣ ቆሻሻውን ውሃ ተቀብሎ ያጣራል። ኩሬው በሞላ ቁጥር ሰፈሩ አጥንት ይሰጠዋል።»

«ብዙ አጥንት!» አለ ጅብ ከወደ ኋላ፣ ምራቁን እያዝረበረበ።

«ታዲያ» አለች ቀበሮ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ «ያን ያህል ለፍቶ ኩሬው ባዶ ቢሆንበት መና መቅረቱ ነው። ስለዚህ በየቀኑ እስከ አፍ ገደፉ ቆሻሻ ውሃ ይሙላለት። የጎደለ እንደሆነ ካሳው ከእርስዎ ግዳይ ላይ ይነሳ።»

አንበሳ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ሆዳም ባለበት አገር ቆሻሻ ይጠፋል ብለሽ ነው? በይ እሺ ብያለሁ!»

ጉባኤው እልል አለ። አህያዋም አብራ እልል አለች። እሷ የሰማችው ውሃው ይጣራል የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላው ነገር ጆሮዋም አልገባ።

እውነቱን ለመናገር ጅብ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠራ። ጅል ቢሆንም ጉልበት አለው። ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነበር። ቡሌ ጠጣ፣ ዳነ፣ ወፈረ፤ እናቱን እየዞረ ሲፈነጭ ይውል ጀመር። ሰፈርተኛውም ይህን ሲያይ አፈረ። ጎሽ ከወንዙ ርቆ መንከባለል ጀመረ፤ ዝንጀሮዎች ትራፊያቸውን መቅበር ለመዱ፤ ሚዳቋማ ድሮም ጨዋ ናት። ወንዙ ጸዳ። ደስ አይልም?

ደስ ያላለው አለ። አንድ ቀን ጅብ ዓይኑን በጨው አጥቦ አንበሳ ደጅ ላይ ቆመና ጮኸ።

«ቆሻሻዬን አምጡ!»

አንበሳ ጆሮውን ተጠራጠረ። «ምንህን?»

«ቆሻሻዬን! ኩሬዬ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻ በግማሽ ጎደለ እኮ! ማነው ቆሻሻዬን የሚሰርቀኝ?»

«ወንዙ ጸድቶ ነዋ፣ አንተ ጅል! ይህንኑ አልነበር የፈለግነው?»

«እኔ የፈለግሁት አጥንት ነው» አለ ጅብ።

ቀበሮ ከጅብ ጀርባ ብቅ አለች። መቼ እንደደረሰች ያየ የለም። «ጌታዬ፣ ውሉ ወንዙ ይጽዳ አይልም፤ ኩሬው ይሙላ ነው የሚለው» አለች እጅ ነስታ። «ኩሬው ጎድሏል። እንግዲህ ዛሬ ከጣሉት አጋዘን ታፋው የአያ ጅቦ ነው።»

አንበሳ ታፋውን አየ። ወንዙን አየ። ደግሞ ታፋውን አየ። ከዚያ ያደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቁራን ጠርቶ አዋጅ አስነገረ!

«ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ከወንዙ ርቆ የሚጸዳዳ፣ ትራፊውንም የሚቀብር፣ የዱሩ ጠላት ነው! ከርከሮም የቆሻሻ ሹም ሆኗል!»

ኧረ በሞቴ! እንስሳቱ ክው ብለው ቀሩ። ጎሽ «ትናንት ለምን አቆሸሻችሁ፣ ዛሬ ለምን አላቆሸሻችሁ! እንዴት ያለ ጉድ ነው እናንተ!» እያለ፣ የአንበሳን ጥፍር ፈርቶ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ተንከባለለ። ሚዳቋን ማየት ነበር! ያቺ ዓይን አፋር፣ ፊቷን አዙራ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከርከሮ ቆሞ እየጠበቃት ወንዙ ዳር ተቀመጠች። ከርከሮ ሹመቱ ደስ ብሎት፣ ኩሬው እንዳይጎድል ጥንብ ሳይቀር እየጎተተ ይጨምርበት ነበር።

ጅብም ባሰበት። ኩሬው መሙላቱን እንጂ የሚወጣውን ውሃ የሚጠይቀው የለማ! አሸዋውን ማጠብ ተወ። ደንገሉ በሰበሰ። ወደ ሜዳው የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ቡሌ መፈንጨቱን ተወ። ኋላም መቆም አቃተው። አህያዋ አንጀቷ እያረረ ኩሬው ዘንድ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረህ! ልጄ አለቀብኝ! የምትለቀውን ውሃ እየው እስቲ!»

ጅብ አጥንቱን እየቆረጠመ ቀና እንኳ አላለም። «እኔ የማውቀው የሚገባውን ነው» አለ። «የሚወጣው ውሉ ላይ የለም።»

አህያዋ ወደ ልጇ ተመለሰች።

ጥቂት ቆይቶ አንበሳ ለሽርክናው ድግስ ደገሰ። ኮረብታው ላይ እሱ በመሀል፣ ጅብ በቀኝ፣ ቀበሮ በግራ ተቀምጠው፣ ከምንጩ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጡ እርስ በርስ ይመሰጋገናሉ። ሰፈርተኛው ዙሪያውን ቆሟል። አህያዋ በጀርባዋ አንድ ቅል ተሸክማ ደረሰች።

«ምን ይዘሽልን መጣሽ?» አለ አንበሳ።

«ለድግሱ የሚጠጣ ነው ጌታዬ። አያ ጅቦ ያጣራው ውሃ ነው።»

ቀበሮ ሽታው ገና ከሩቅ ደረሳት። «እኔ እንኳ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለችና ወደ ኋላ ሸርተት አለች።

«በአገራችን መጠጥ ያሰናዳ ቀምሶ ነው የሚያቀምሰው» አለች አህያዋ። «ያሰናዳው አያ ጅቦ ነው። ይቅመስልንና እንጠጣ።»

ጅብ ተንከተከተ። «እኔን በውሃ ልታስፈራሪኝ? ቀንድ ስቆረጥም፣ የሸተተ ጥንብ ሳወራርድ የምኖረውን?» ብሎ ቅሉን አነሳና ገለበጠው።

ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ። ሁሉም እያዩት፣ ጅብ አስታወከ።

ጅብ እኮ ነው እናንተ! ጥንብ በልቶ የሚያገሳው ጅብ! እሱ ሲያስታውክ አይቶ የሚያውቅ በዱሩ ውስጥ አልነበረም። ጎሽ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን እቅፍ አደረጉ። አንበሳ ተነስቶ ቅሉን ሲያሸት ጎፈሩ ቆመ።

«ይህን… ይህን ውሃ ነው ልጆች ሊጠጡት?»

«ሊጠጡት አይደለም ጌታዬ» አለች አህያዋ። «ጠጥተውታል። የእኔው ጠጥቶ ጨርሷል። ቡሌን ዛሬ ጠዋት አፈር አልብሼው ነው የመጣሁት።»

ሚዳቋ አለቀሰች።

«ምን ልካስሽ?» አለ አንበሳ አንገቱን ደፍቶ።

«ልጄን እንደሁ አይመልሱልኝም፤ በምን ይክሱኛል? ውሉ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመር። ከእንግዲህ እርስዎም፣ አያ ጅቦም፣ እመት ቀበሮም ከምንጩ አትጠጡም። ከነልጆቻችሁ የምትጠጡት ከኩሬው በታች፣ ቡሌ ይጠጣበት ከነበረው ቦታ ይሁን።»

አንበሳ እግሩ ሥር የሚላፉትን ደቦሎቹን አየ። ከዚያ «ይሁን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጅብ አሸዋ ሲያጥብ ተገኘ። ቀበሮ ደንገል ታጭዳለች። ጌታ አንበሳ ራሱ፣ ከርከሮን ከነሹመቱ ከኩሬው አፍ እያባረረ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። ውሃው እንደገና ኩልል አለ፣ የሰፈሩም ልጆች ወርደው ጠጡ። አህያዋ ከዳር ቆማ አየቻቸው እንጂ አልጠጣችም።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ውሃ ለማጣራት የተዋዋሉ ሁሉ እነሱና ልጆቻቸው ከዚያው ውሃ እስካልጠጡ ድረስ፣ ውላቸው የቱንም ያህል ቢያምር የሚጠብቀው የራሳቸውን ጥቅም እንጂ የጠጪውን ሕይወት አለመሆኑን ነው።