ቁጠባ በጭብጨባ

አንድ ሹም የነዳጅ ሰልፍ ሊጎበኝ በትልቅ መኪናው መጣ። ውስጡ እንዳይሞቅበት ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና፣ ቤንዚን ለመቆጠብ መኪናቸውን በእጃቸው እየገፉ ወደ ማደያው የሚጠጉትን ሾፌሮች ሰብስቦ፣ "ዘመኑ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና አምጥቷል፤ እናንተ ግን በዚህ ቅራቅንቦ የአገር ነዳጅ ትጨርሳላችሁ!" እያለ ይሰብክ ጀመር።

ንግግሩ ሳይጋመስ አንድ የላዳ ታክሲ ሾፌር ብቻውን አጨበጨበ።

ሹሙ ተቆጣ። "መች ጨረስኩና ነው የምታጨበጭበው? ይልቅ አንተ ለቁጠባው ምን አደረግህ? ተናገር፤ አለዚያ ከሰልፉ ውጣ!"

"እያደረግሁ እኮ ነው ክቡርነትዎ" አለ ሾፌሩ። "የኔዋ በቤንዚንም በግፊም ትሄዳለች። የእርስዎዋ ግን እርስዎ እስኪጨርሱ ቆማ እየጠጣች ነው። ከተጨበጨበልዎ ቶሎ ያበቃሉ ብዬ ነው።"