የፊታውራሪ ጓንጉል ባሉን

ፊታውራሪ ጓንጉል ከሩቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩበት ሬድዮ ገዝተው አንቴናውን ጣሪያቸው ላይ ካስተከሉ በኋላ አንድ ሬድዮ ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙም አንቴናውንና ገመዱን የሚያስማሙ፣ ባሉን የሚባሉ ሦስት ዕቃዎች ይዞ ቀረበና የትኛውን እንደሚሹ ጠየቃቸው።

«እኔ የምናገርበትን፣ ማንም ግን ቃል የማይመልስልኝን ምረጥ!» አሉት። «ትናንት የመጣው ባለሙያ ‹እንዲህ ያለ የለም› ብሎኝ እስር ቤት አድሯል። ዋሽተህ ብትሰጠኝ ደግሞ አንተም ትከተለዋለህ።»

ጠጋኙም ባሉኖቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና እጅ ነስቶ፣ «ጌታዬ፣ ሦስቱም ይሆናሉ፤ ብቻ ሲናገሩ ሬድዮውን ያጥፉት» አላቸው።

ፊታውራሪ ሬድዮውን አጥፍተው እስከ ምሳ ሰዓት ተናገሩ። ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

«ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ሸለሙት።