ለአስካለ የተፈለገው ቅጠል

አንድ ቅጠል መርማሪ ነበረ፤ ስሙ ደርበው። ሚስቱ አስካለ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ከቤተ ሙከራው ሌላ ዓለም የለውም። የወሰዳት ሆዷ ውስጥ የበቀለ ዕጢ ነው። ሐኪሞቹ "ዕጢው ደም ስር ወደ ራሱ እየሳበ ነው የሚያድገው" ብለውት ነበር። ይቺ ቃል ከልቡ አልወጣ አለች። ስለዚህ የደም ስርን እድገት የሚገታ ቅጠል ካላገኘሁ ብሎ ተነሣ። ለማን? ለአስካለ። "እሷ እኮ የለችም" ቢሉት አይሰማም። ሰው ሲናፍቅ እንዲህ ነው፤ የሞተው ሰው መድኃኒቱ እስኪገኝለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ጫጩት የያዘ ዕንቁላል ያሞቅና ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ የቅጠል ጭማቂ ጠብ ያደርግበታል። ከቀናት በኋላ ገልጦ ያያል። ቀያይ ደም ስሮች እንደ ዱባ ሐረግ ተዘርግተው ካገኘ ያዝናል፣ ሌላ ቅጠል ያመጣል፣ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን ከወንዝ ዳር የለቀመው ሻካራ ቅጠል ጉድ አደረገው። ጭማቂው የነካው ዕንቁላል ላይ ደም ስሮቹ መገታት ቀርቶ ከሌሎቹ ሁሉ በልጠው በቀሉ። "አንተም ከጠላቴ ወገን ሆንክ?" አለና የጭማቂውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ግርጌ ወርውሮ ረሳው።

የአስካለ እናት ወይዘሮ እማዋይሽ በየእሑዱ ምሳ ቋጥረው ይመጡለታል። ስኳር አለባቸው፤ ቀኝ እግራቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ በጨርቅ ጠቅልለዋታል።

"ይቺ እግሬ እምቢ አለችኝ፣ ልጄ" ይሉታል። "ደም አይደርሳትም አሉኝ ሐኪሞቹ።"

"አይዞዎት እማማ፣ ይሻልዎታል" ይላል ደርበው፣ ዓይኑን ከዕንቁላሉ ሳያነሣ።

አንድ እሑድ ቀሩ። የሚቀጥለውም እሑድ ቀሩ። ደርበው ምሳ ሲጠብቅ ውሎ፣ ሆዱ ቢጮህበት ጊዜ ነው ትዝ ያሉት። ቤታቸው ሄደ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም።

ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ያ ሻካራ ቅጠል ዓይኑ ላይ መጣበት። ደም ለማይደርሳት ቁስል ደም ስር ሊያበቅል ይችል የነበረው ጠርሙስ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

"ምነው እማማ፣ ሳይነግሩኝ?"

"ነግሬህ ነበር እኮ፣ ልጄ። አንተ ግን ከአስካለ ጋር ነበርክ። አልተቀየምኩህም። እኔም ብሆን የምመጣው እሷን ፍለጋ ነው። ያንተን ፊት ሳይ ከጓዳ ብቅ የምትል ይመስለኛል።"

እጃቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ስለ ጣለው ቅጠል አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ራሱን እየዳበሱ አዳመጡት።

"ግራው እግሬ አለ" አሉት በመጨረሻ። "እሱንም መቆጥቆጥ ጀምሮታል። ለእሱ ድረስለት።"

ደርበው ተመልሶ ጠርሙሱን ከአቧራው አነሣ። ቅጠሉ ለሰው ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም፤ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል። ናፍቆቱም አልለቀቀውም፤ አስካለ ዛሬም ዕለት ዕለት ትናፍቀዋለች። አሁን ግን በየእሑዱ ምሳ ቋጥሮ የሚሄደው እሱ ነው፤ ሲገባም ገና ከበሩ የሚያየው የአማቱን እግር ነው።

የሞተን ሰው መናፈቅ ነውር የለውም፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ዓይናችን በሄዱት ላይ ብቻ ሲቀር፣ ለእነሱ አልሆነም ብለን የምንጥለው ነገር አጠገባችን ላለው ሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ "አመመኝ" ሲለን ቀና ብለን ሳናየው "አይዞህ" ብለን የሸኘነው ሰው ማን ነው? ዛሬስ እንዴት ሆኖ ይሆን?