ቆዳው እንዳይበሳ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ዳር፣ ለአንድ አዳኝ የጉሬዛ ቆዳ ወደ ገበያ የምታመላልስ አህያ ነበረች። ቆዳው የሚጫንባት ደርቆ፣ ተጠቅልሎ ነው። ከየት መጣ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር መጠየቅም አልፈለገችም።

አንድ ቀን ጠዋት ሣር ፍለጋ ወደ ጫካው ዘለቀች። አንድ ግንድ ሥር ጉሬዛ እጇ በጠፍር ወጥመድ ታንቆ ወድቃለች። እጇ አብጦ ዱባ አክሏል። ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ልጇ «እማ! እማ!» እያለ ያለቅሳል። አጠገቧ ደግሞ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ተጋድሟል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ በሞቴ?» አለች አህያ።

«ሦስት ቀኔ ነው» አለች ጉሬዛ። «አዳኙ በጦር ቢወጋኝ እኮ እገላገል ነበር! ቆዳዬ እንዳይበሳበት ብሎ በረሃብ ይገድለኛል። እኔስ ይሁን፤ ልጄ ጡት ሳይቀምስ ሊሞትብኝ ነው!»

ጅብ ሳቀ። «ቆዳው ለጌታሽ፣ ሥጋው ለእኔ፤ ውላችን ነው። አንቺም የእሱ ባትሆኚ ኖሮ ቁርሴ ነበርሽ።»

የአህያ ደም ፈላ። ጆሮዋን ቀስራ ወደ አንበሳ ችሎት ገሰገሰች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይፍረዱ! ጉሬዛ በቁሟ እየሞተች ነው!»

አንበሳ አዛጋ። «አዳኙ ጨዋ ሰው ነው፤ በየበዓሉ ስጦታ ይልክልኛል። ምን በወጣኝ እጣላዋለሁ?»

አህያ ዝቅ ብላ ስታይ፣ ንጉሡ የተቀመጠበት ምንጣፍ ጥቁርና ነጭ የጉሬዛ ቆዳ ነው። ባለፈው በዓል ተጠቅልሎ ተጭኖባት ራሷ ያመጣችው!

«ቱ! እላይዋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚፈርዱላት?» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች።

ደጅ ላይ ቀበሮ ጠበቀቻት። «ጩኸትሽ ደስ ይላል፤ ግን ጠፍር አይበጥስም። ተከተዪኝ፤ ነገ የእኔም ጭራ መፈለጉ አይቀርም።»

ወጥመዱ ዘንድ ሲደርሱ ቀበሮ በግርምት ራሷን ነቀነቀች። «አያ ጅቦ! ምን ነካህ? ሞራ የጠገበ የበሬ ጠፍር አፍንጫህ ሥር ተዘርግቶ፣ አንተ በባዶ ሆድህ ታዛጋለህ?»

«ጌታው ጉሬዛዋን ጠብቅ ብሎኛላ!»

«ጉሬዛዋንማ ጠብቅ። ጠፍሩን ጠብቅ ብሎሃል?»

ጅብ ለማሰብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እውነትሽን ነው፤ እሱን አላለኝም!» ብሎ ከግንዱ በኩል ይቆረጣጥመው ጀመር። ጥርሱ ጉሬዛ እጅ ላይ ለመድረስ ስንዝር ሲቀረው አህያ «አሁን!» ብላ አናፋች። ጉሬዛ ተስፈንጥራ ዛፉን ወጣች፤ ልጇንም ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ያ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ጨብጦ አያውቅም።

አዳኙ ሲመጣ ጅብ ገና ከንፈሩን ይልሳል። ሰውየው ንዴቱን በአህያ ተወጣ፤ በዱላ ነረታትና የከረመውን ቆዳ ሁሉ ጫነባት። ወንዝ ሲሻገሩ ግን አህያ ጭቃው ውስጥ ዘፍ አለችና ከነጭነቷ ተንከባለለች። ያ ሁሉ ቆዳ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

«አንቺ ደንቆሮ! የጉሬዛ ነገር ምን አገባሽ?» ብሎ ጮኸ።

«የምትጭነው በእኔ ጀርባ ነዋ!» አለች። ዱላው እየወረደባትም አልተነሣችም።

ከዚህ የምንማረው ጌጣችን የሌላው ስቃይ ሲሆን፣ በግፉ ውስጥ ያጠመደው ብቻ ሳይሆን የተሸከመውም፣ የለበሰውም፣ ተቀምጦበት ዝም ያለውም እጁ እንዳለበት ነው።